የቤት ማኅበር ካርታ፦ በጋራ ይቆይ ወይስ ለየአባሉ ይከፋፈል?

ጥያቄው፦ ቤት ሠሪ ማኅበራት ግንባታው ሲያልቅ ካርታውን ለየአባሉ ያከፋፍላሉ። አባሉ በገበያ ዋጋ ይሸጣል፤ ዝቅተኛ ደመወዝተኛው መልሶ ተከራይ ይሆናል። በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ይዞታው በማኅበሩ ስም ቢቆይና አባሉ የቤቱ ብቻ ባለቤት ቢሆንስ? ይህን ለመምራትስ አባላቱ ምን ይሠልጥኑ?

ኦዲተሩ፦ ይቆይ ባይ ነኝ። በአሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ በርሊንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ መሬቱን የሚይዝ የማኅበረሰብ ባለአደራ ድርጅት አለ። ሻጩ ከዋጋ ጭማሪው የሚደርሰው 25 በመቶ ነው። በእኛ ብር እናስላው፦ በ800 ሺህ የተገዛ ቤት 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ቢያወጣ ጭማሪው 600 ሺህ፣ ሩቡ 150 ሺህ ነው። ሻጩ 950 ሺህ ይዞ ይወጣል፤ ቀጣዩም በዚያው ዋጋ ይገባል።

ግንበኛው፦ ስሌቱ ለቨርሞንት ይሆናል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ እየተተመነ፣ 950 ሺህ የያዘ ሰው ሌላ ቤት የት ያገኛል? በውክልና ይሸጣል እንጂ። መዝገቡ ላይ አባሉ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ሰው።

ኦዲተሩ፦ ልክ ነህ። እንግዲያው ሩቡን ትተን ሁለቱን ዋጋ እንለያቸው። ቤቱን ዛሬ መልሶ ለመሥራት የሚፈጀው፣ እርጅናው ተቀንሶ፣ ለሻጩ፤ ቦታው አስፋልት ዳር በመሆኑ የመጣው ለማኅበሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ በቤት ስም የሚሸጠው ግን ቦታው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ግንበኛው፦ ይህ ያስማማናል፤ ግን ገማቹ ማነው? ሥልጠናው ከዚህ ይጀምር። ብሎኬት ቀላል ነው፦ 40 በ20 ሳንቲም የሆነው ከነሞርታሩ በካሬ 12.5 ይገባል። 10 በ3 ሜትር ግድግዳ 375፣ ለስብራት 5 በመቶ ሲጨመር 394። በርና መስኮት ይቀነሳል። ችግሩ የማይታየው ነው። መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) በሆነ ቦታ አፈሩ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይቀደዳል። ስለዚህ ጥቁሩ ተጠርጎ ይወጣና ገረጋንቲ በየ20 ሳንቲሙ እየተነጠፈ፣ ውኃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ገማች ይህን ከየት ያየዋል? ቁፋሮው ሳይደፈን ጥልቀቱና ስፋቱ ተለክቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ መለኪያ መዝገቡ ላይ ሁለት ሰው ካልፈረመ ወይ ሻጩ ይጎዳል ወይ ማኅበሩ ይጭበረበራል።

የእድር ጸሐፊዋ፦ ፊርማውስ የማን ነው? ሥልጠና በመጣ ቁጥር የሚሄዱት ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ናቸው፤ ሊቀመንበሩ ሲወርድ ዕውቀቱም አብሮ ይወርዳል። ቁጥጥር ኮሚቴው ይቅደም። ሲሚንቶው በከረጢት፣ ባለ 50 ኪሎው፣ ገቢና ወጪው በካርድ ይያዝ፤ ቀሪው በየሳምንቱ ይቆጠር። ቁፋሮና ድንጋይ ማቅረቡ በደቦ ቢሆን ወጪ ይቀንሳል።

ግንበኛው፦ ቁፋሮው ይሁን፤ አርማታ ግን በደቦ አይሞከር። ቅልቅሉ እንዲላላ ውኃ ይጨምሩበታል፤ ጥንካሬው ይሞታል። ከፈሰሰም በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ የደቦ ሰው በማግስቱ ማሳው ላይ ነው።

የሕግ ባለሙያው፦ አዋጅ 721/2004 ለመኖሪያ ያስቀመጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ የማኅበሩና የአባሉ ውል ከዚያ ማለፍ አይችልም። ውሉ ለማኅበሩ ቀዳሚ የመግዛት መብት ካልሰጠ፣ የሚገዛበትን የጊዜ ገደብ ካልወሰነ፣ አበዳሪው ባንክም አውቆ ካልፈረመበት ወረቀት ብቻ ነው። 60 ቀን ይበቃል እላለሁ።

የእድር ጸሐፊዋ፦ በ60 ቀን አንድ ሚሊዮን ከየት ይመጣል ጋሼ? ለ40 አባል ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 25 ሺህ ነው። የቀን ሠራተኛ አይችለውም።

ኦዲተሩ፦ የሚዋጣው አንዴ ነው፤ ተተኪው ሲገባ ገንዘቡ ይመለሳል። ቤት ሳይለቀቅ አስቀድሞ በ24 ወር ቢዋጣ በወር 1,042 ብር ግድም። ቤት ለማግኘት ተራ የሚጠብቀውም አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ ከቆጠበ ከዚያም ያንሳል።

የእድር ጸሐፊዋ፦ ሁለት ቤት በአንድ ወር ቢለቀቅስ?

የሕግ ባለሙያው፦ 60 ቀኑ ካለፈ ሁለተኛው ሻጭ ለፈለገው ይሽጥ፤ ዋጋው ግን በዚያው ስሌት፣ ገዢውም አባል ሆኖ ይፈርም።