ፎልቲ ታወርስ ለምን ይሄን ያህል ያስቃል?

ጥያቄ፦
ሰሞኑን ፎልቲ ታወርስ የሚባለውን የእንግሊዞች የቴሌቪዥን ኮሜዲ ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። የሚመጣውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ግን አሁንም ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ምኑ ነው እንዲህ የሚያደርገው?

መልስ፦
ለኔ ዋናው ገጸ ባሕርይ ባዚል ነው። ቶርኪ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ውስጥ ሆቴል ከፍቶ እንግዳ ሲመጣበት የሚናደድ ሰው! ትንሽ ውሸት ይዋሻል፣ እሷን ለመሸፈን ሌላ ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ ሚስቱ ሲቢል ፊት መውጫ ያጣል። ደሞ መኪናዋ አልነሳ ያለችበት ትዕይንት! መኪናዋን እንደ ልጅ ያስጠነቅቃታል፣ እስከ ሦስት ይቆጥርላታል፣ ከዚያ ሮጦ ይጠፋል። ካሜራው ንቅንቅ አይልም። የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ተመልሶ ይገርፋታል። ያቺ ዝም ያለች ቅጽበት ናት የምትገድለኝ።

መልስ፦
ጽሑፉን አትርሱ እንጂ። ባዚልን ሆኖ የሚተውነው ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ አብረው ነው የጻፉት። በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ነው፣ 6ቱ እ.ኤ.አ. በ1975፣ 6ቱ በ1979 የወጡ። መጀመሪያ ላይ እንደዋዛ የምታልፍ ነገር መጨረሻ ላይ ባዚል ራስ ላይ ትወርዳለች። አንድም የባከነ ነገር የለም።

መልስ፦
እኔ ስፔናዊው አስተናጋጅ ማኑዌል በባዚል ሲመታ ብዙም አልስቅም፣ ያሳዝነኛል። ቋንቋው ላይ ግን ተወዳዳሪ የለውም። ባዚል በእንግሊዝኛ ስለ ትሪዎቹ («ኦን ዞዝ ትሬይስ») ሲነግረው፣ ማኑዌል ባዚል በስፓኒሽ («ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ») የሚቆጥር መስሎት አነጋገሩን ያርመዋል። ማኑዌልን የሚጫወተው አንድሪው ሳክስ ያንን ሲያደርግ ፊቱን እዩት፣ ከልቡ ሊረዳው ነው የሚፈልገው።