«አፋፍ» እና «ጫፍ»፦ ከሰሜን ተራሮች አንጻር

«አገሪቱ በጦርነት አፋፍ ላይ ናት» የሚለው አነጋገር በ«ጫፍ» ቢተካ ምን ይጎድለዋል ብለው ለጠየቁት አባል፦ ልዩነቱ ከመሬት አቀማመጥ የመነጨ ነው፤ ለዚህም የሰሜን ተራሮችን የሚያህል ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ጫፍ የማንኛውም ነገር መጨረሻ ነው፤ የመርፌም የዛፍም ይሆናል። አፋፍ ግን ከኋላው የሚረገጥ መሬት፣ ከፊቱ ገደል ያለው ዳር ነው። የሰሜን ተራሮች እንደ ሂማላያ መሬት ተገፍቶና ታጥፎ የተነሡ አይደሉም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ንብርብር በንብርብር ላይ እየረጋ ከፍ ያለ የባዛልት አምባ ከሠራ በኋላ፣ ዝናቡና ወንዙ ለረጅም ዘመን እየሸረሸሩ ዛሬ የምናየውን መልክ ሰጡት። ጠንካራው ባዛልት ቀጥ ብሎ ሲቆም በመካከሉ ያለው ልል ንብርብር ቶሎ ስለሚበላ፣ ገደሉ እርከን እርከን እየሠራ በአንዳንድ ስፍራ 1500 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከደቡብ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ሣር የለበሰውን ተዳፋት ቀስ እያለ ሲወጣ ይቆይና ድንገት አፋፉ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ከታች የሚታየው ወደ ተከዜ የሚያዘነብለው ቆላ ነው።

ቃሉን ከሰው ይልቅ ጭላዳ ይኖርበታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቀን አፋፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ሲመሽ ገደሉን ወርዶ ከእርከኖቹ በአንዱ ያድራል።

«ታዲያ ራስ ዳሸንስ?» ላሉት ሌላው አባል፦ ከ4500 ሜትር በላይ ለሚደርሰው ከፍታው «ጫፍ» ወይም «አናት» ማለት ትክክል ነው፤ «የራስ ዳሸን አፋፍ» ቢሉ ግን አድማጭ የሚረዳው ከፍተኛውን ነጥብ ሳይሆን የገደሉን ዳር ነው።

ስለዚህ «በጦርነት አፋፍ» የሚለው፣ እግር ገና መሬት እንደረገጠና አንድ እርምጃ ብቻ እንደቀረ ስለሚያሳይ ቦታውን አግኝቷል። «በድል አፋፍ» የሚለው የጋዜጣ አባባል ግን ለእኔ ጆሮ አይጥምም፤ ከአፋፍ ወዲያ ያለው መውደቅ ነውና፣ ለድል «ደጃፍ» ይሻለዋል።