የሰፋሁት የሚሞቅ ሰደርያ ራሱን እያጠፋ አስቸገረኝ

ጠያቂ (ሚኒያፖሊስ)፦ ሰላም ናችሁ። ክረምቱን ወደ ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። ክረምት ስል የዚህን አገር ማለቴ ነው፤ ከዜሮ በታች 20 የሚወርድበት ጠዋት አለ። የሚሞቅ ልብስ ተወደደብኝና የአሮጌ ሰደርያዬ ገበር ውስጥ ሁለት የካርቦን ማሞቂያ ጨርቅ ሰፋሁ። ፓወር ባንኩ ላይ 5 ቮልት፣ 2 አምፔር ይላል። ስሰካው ደቂቃ ሳይሞላ ጥፍት! ተበላሽቶ ይሆን?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ፓወር ባንኩ ላይ ከመፍረድህ በፊት የጨርቆቹን ኦም (ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ) በቴስተር ለካ። ያያዝካቸው በትይዩ ነው?

ጠያቂ፦ እያንዳንዳቸው 4 ኦም። አዎ፣ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ በቃ፣ ተገኘ። ሁለት 4 ኦም በትይዩ 2 ኦም ይሆናል። 5 ቮልት ለ2 ሲካፈል 2.5 አምፔር። ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ለማዳን ይዘጋል፤ እንዲያውም ጤነኛ ነው። በተከታታይ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው አስከትለህ ብታያይዛቸው አይጠፋም፣ ግን ሁለቱ ተደምረው 3 ዋት ገደማ ነው የሚሰጡህ፤ ለብ ከማለት አያልፍም። እኔ ብሆን ሁለት መሰኪያ ያለው፣ ባንድ ላይ 3 አምፔር የሚችል ፓወር ባንክ ፈልጌ ጨርቆቹን ለየብቻ እሰካለሁ። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬድሃል።

የማታ ፈረቃ፦ ወንድሜ፣ ባትሪውን ውጭ ኪስ እንዳታደርገው። ሊቲየም ብርድ ሲመታው ጉልበቱ ይከዳዋል። ከጃኬትህ ሥር ያዘው። ቤት ስትገባም ቀዝቅዞ እያለ ቻርጅ አታድርገው፤ ከዜሮ በታች ቻርጅ ማድረግ ከውስጥ ይጎዳዋል። እኔ አንዱን እንዲሁ ገድያለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፦ ጨርቁን የት ነው የሰፋኸው? ደረት ላይ ከሆነ ዳገት ስትወጣ በላብ ትጠመቃለህ፤ ላቡ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ጀርባና ወገብ ይሻላል። ገላህን እንዳይነካ መሃል ላይ አንድ ቀጭን ልብስ ይኑር፤ ብርድ ያደነዘዘው ቆዳ ሲቃጠል አይታወቅም። ሽቦውን ወጥረህ አትስፋው፣ ትንሽ ላላ ይበል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ብየዳው አጠገብ ነው።

ጠያቂ፦ ደረት ላይ ነው፤ ልፈታው ነው እንግዲህ። ጣቶቼንስ ምን ላድርጋቸው?

የማታ ፈረቃ፦ ለጣት በሽቦ አትድከም። መሪው ላይ የሚታሰር ትልቅ የእጅ መሸፈኛ አለ። ነፋሱን ካገደልህ ቀጭን ጓንት ይበቃሃል።

ጠያቂ፦ ለጊዜው አንዱን ጨርቅ ብቻ ሰካሁት። 20 ደቂቃ ሆኖታል፣ አልጠፋም!