ቨርቹዋል ማሽን ሳዛውር የኔትወርክ ካርዱ ስም ተቀየረብኝ፣ ምን ይሻላል?

እንቅልፍ_አጣሁ፦

ሰላም ቤተሰብ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ሰርቨር ላይ ተቸክያለሁ።

የምሠራው ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። ፋይል የምንጋራበትና የሂሳብ ፕሮግራሙ ያለበት ኡቡንቱ 20.04 ሰርቨር አለን። ሰርቨር ስል ያው አንድ ዴስክቶፕ ላይ በቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ቨርቹዋል ማሽን የሚሉትን፣ በሚፈጥረው ፕሮግራም) የተጫነ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ዴስክቶፑ ቀጥ ስለሚል ያገለገለ ሰርቨር ተገዛልኝ፣ ፕሮክስሞክስ (እሱም ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳ ሲስተም ነው) ጫንኩበት፣ የቨርቹዋል ማሽኑን ዲስክ ወስጄ እዚያ አስገባሁት። ደስ ብሎኝ ሳስነሳው «ኔትወርክ እየጠበቅሁ ነው» ብሎ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቆመ፣ እኔም አብሬው ቆምኩ፣ በመጨረሻ ተነሳ ግን አይፒ የለውም። ፒንግ የለም፣ ኤስኤስኤች የለም።

በኮንሶል (በማሽኑ በራሱ ስክሪን) ገብቼ ካርዶቹን የሚዘረዝረውን አይፒ ሊንክ የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥ ካርዱ አለ። ስሙ ግን ሌላ ነው። ኢኤንፒ0ኤስ3 የነበረው ኢኤንኤስ18 ሆኗል። (በስልክ ነው የምጽፈው፣ ኪቦርድ መቀያየር ስለሰለቸኝ ስሞቹን በፊደላችን ታገሱኝ።) አንድ ካርድ ብቻ እያለኝ 18 ከየት መጣ? እኛ ስንማር ኢቲኤች0 ነበር፣ አለቀ። ይሄንን ደግሞ «ሊተነበይ የሚችል ስም» ይሉታል አሉ። ማን ነው የተነበየው?

ሰኞ ጠዋት ሰው ሳይገባ መነሳት አለበት። እርዱኝ።

ቶሎ_ቶሎ፦

ብሮ አትጨነቅ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የግረብ (የማስነሻው ፕሮግራም) ፋይሉን ክፈትና ለከርነሉ (ለሊኑክስ እምብርት) በሚተላለፈው መስመር ላይ ኔት ነጥብ አይኤፍኔምስን 0 አድርገው። ግረብን አፕዴት፣ ሪስታርት፣ ኢቲኤች0 ተመልሶ ይመጣል። እኔ ሁሉም ማሽኖቼ ላይ መጀመሪያ የማደርገው ይሄንን ነው።

ጋሽ_ኮንሶል፦

ቶሎ ቶሎ፣ አንድ ነገር ረሳህ። ኔትፕላኑ ፋይል (ኡቡንቱ የኔትወርክ ቅንብሩን የሚያነብበት) ውስጥ የተጻፈው ኢኤንፒ0ኤስ3 ነው። ካርዱ ኢቲኤች0 ቢባልም ፋይሉ ስለማያውቀው ያው አይፒ አያገኝም። ፋይሉን መንካት ካልቀረ ግረብ ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ?

እንቅልፍ አጣሁ፣ 18ቱ ከየት መጣ ላልከው፣ ስሙ አድራሻ ነው። «ኢኤን» ኢተርኔት ማለት ነው። «ፒ» ካርዱ ያለበት የፒሲአይ ባስ (ካርዶች ከማሽኑ ጋር የሚገናኙበት መስመር) ቁጥር ሲሆን «ኤስ» ደግሞ የተሰካበት ቀዳዳ ነው። ቨርቹዋልቦክስ የመጀመሪያ ካርዱን ሁሌ ባስ 0 ቀዳዳ 3 ላይ ይሰካዋል፣ ሁለተኛውን ቀዳዳ 8 ላይ። ፕሮክስሞክስ የመጀመሪያውን 18 ላይ ያስቀምጣል፣ የሚቀጥለው 19 ይሆናል። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ላይ ኢኤንኤስ33 አይተህ ከሆነ ያንን 33 የማሽኑ ቪኤምኤክስ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ሃይፐር-ቪ ላይ ደግሞ ዛሬም ኢቲኤች0 ነው፣ ምክንያቱም ካርዱ የሚመጣው በራሱ መስመር እንጂ በፒሲአይ ስላልሆነ የሚነበብ ቀዳዳ የለም።

እና ትንቢቱ ልክ ነበር፣ አንተ ነህ ቤት የቀየርከው። ለእውነተኛ ማሽን ይሄ ነገር ጥሩ ነው፤ ካርዱ ሲበላሽ እዚያው ቀዳዳ ላይ ሌላ ትሰካለህ፣ ስሙ አይነካም። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን ቀዳዳው ራሱ የውሸት ነው። ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ነው የሚፈጥረው። ሃይፐርቫይዘር ከቀየርክ ቀዳዳውም ይቀየራል። ፕሮክስሞክሱ ላይ እንኳ ሳትወጣ የማሽኑን ዓይነት ከአይ440ኤፍኤክስ ወደ ኪው35 ብትቀይረው ኢኤንኤስ18 የነበረው ኢኤንፒ6ኤስ18 ይሆንብሃል።

ኢቲኤች0 የናፈቃችሁ ልጆች ደግሞ ሴንትኦኤስ 6 የሚባለውን የድሮ ሊኑክስ አላያችሁም መሰለኝ። ያኔ ዩዴቭ (ለካርዶች ስም የሚሰጠው ክፍል) ያየውን ማክ አድራሻ (የካርዱን መለያ ቁጥር) ሁሉ በ70 የሚጀምር ፋይል ላይ ይመዘግብ ነበር። ማሽኑን ክሎን ስታደርግ (ቅጂውን ስታወጣ) ማኩ ይቀየራል፣ ኢቲኤች0 በአሮጌው ማክ ስለተያዘ አዲሱ ካርድ ኢቲኤች1 ይሆናል፣ ኮንፊጉ ኢቲኤች0 ይላል፣ ኔትወርክ የለም። ክሎን ባደረግን ቁጥር ያንን ፋይል መሰረዝ ሥራችን ነበር። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቶቹን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) እ.ኤ.አ. በ2013 በቨርዥን 197 ይሄኛውን አሰያየም ሲያመጣ እኔ በበኩሌ እፎይ ነው ያልኩት።

ሚሚ_ሊኑክስ፦

ጋሼ እውነትዎን ነው። ቶሎ ቶሎ፣ ያንተ ዘዴ አንድ ካርድ ላለው ማሽን ይሠራል፣ እሱን አልክድም። ሁለት ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። ከርነሉ ኢቲኤች0 እና ኢቲኤች1 የሚለው ካርዶቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል ነው፣ ቅደም ተከተሉ ደግሞ ቃል ኪዳን የለውም። አንድ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ፋየርዎል ላይ አንዱ ካርድ ወደ ኢንተርኔት፣ አንዱ ወደ ውስጥ ነበር። ከአፕዴት በኋላ ሲነሳ ተቀያየሩ። የውስጡ ሕግ በውጪው ካርድ ላይ፣ የውጪው በውስጡ። ግማሽ ቀን ገመድ ስንነቅል ስንሰካ ዋልን፣ ገመዱ ምንም አላጠፋም።

እንቅልፍ አጣሁ፣ እኔ የምልህ ስሙን ተወው፣ በማክ አድራሻ እሰረው። ኔትፕላኑ ፋይል ውስጥ የካርዱ ስም ባለበት ቦታ የፈለግከውን ቃል ጻፍ፣ «ቢሮ» በለው። ከሥሩ ማች የሚል አስገባ፣ ከማች ሥር ማክአድሬስ ብለህ የካርዱን ማክ። የአይፒው ክፍል እንዳለ ይቀመጥ። ከዚያ ወዲያ ካርዱ 18 ይባል 33 አያገባህም። ስሙም ራሱ አንድ ዓይነት እንዲሆን ከፈለግክ ሴት-ኔም የሚል መስመር ትጨምራለህ፣ ከ15 ፊደል እንዳይበልጥ ብቻ። ኢቲኤች0 ብለህ ግን አትሰይመው፣ ከርነሉ ራሱ ከሚሰጠው ስም ጋር ይጋጫል።

ስትጨርስ ኔትፕላን አፕላይ አትበል፣ ኔትፕላን ትራይ በል። በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላረጋገጥክ ወደነበረበት ይመልሰዋል። አሁን ኮንሶል ላይ ስለሆንክ ችግር የለውም፣ ከሩቅ ስትሠራ ግን ነፍስ ያድናል። እና ፋይሉ ያይኤምኤል (በአሰላለፍ የሚነበብ አጻጻፍ) ነው፣ ታብ እንዳትነካ፣ በስፔስ ብቻ።

ቶሎ_ቶሎ፦

እሺ ሁለት ካርድ ላይ ተረታሁ። ግን አንድ ካርድ ብቻ ካለው ማችን በስም አድርጎ «ኢኤን» ብሎ ኮከብ ማስከተል አይቀልም? የትም ቢወስደው ይሠራል፣ ማክም አያስፈልግ።

ሚሚ_ሊኑክስ፦

ይቀላል። ነገ ሁለተኛ ካርድ እስኪጨምርበት ድረስ። ያኔ አንድ ቋሚ አይፒ ለሁለት ካርድ ይሰጥልሃል።

እንቅልፍ_አጣሁ፦

ሚሚ እንዳልሽው አደረግኩ፣ አልሠራም!! ማኩን ከድሮው ማስታወሻዬ ነው የገለበጥኩት፣ 08፡00፡27 ብሎ የሚጀምረው። ራውተሩ ላይም በዚያ ማክ ነው አይፒ የተያዘለት። ኮከቡንም ሞከርኩ፣ አይፒ አገኘ፣ ግን ሌላ አይፒ፣ ስለዚህ የሂሳብ ፕሮግራሙ አላገኘውም። እያበድኩ ነው።

ጋሽ_ኮንሶል፦

አታብድ። 08፡00፡27 የቨርቹዋልቦክስ ማክ ነው። አዲሱ ቤት ዲስኩን እንጂ ካርዱን አልወሰድክም፣ ፕሮክስሞክስ አዲስ ካርድ ከአዲስ ማክ ጋር ሰጥቶሃል። አይፒ ሊንክ ስትል ከስሙ ሥር ያለውን መስመር አንብበው፣ ቢሲ፡24፡11 ብሎ የሚጀምር ሳይሆን አይቀርም።

ሁለት መንገድ አለህ። አዲሱን ማክ ኔትፕላኑም ራውተሩም ላይ መጻፍ፣ ወይም ፕሮክስሞክስ ላይ ሃርድዌር የሚለው ውስጥ ገብተህ የኔትወርክ ካርዱን ማክ በአሮጌው መተካት። ሁለተኛው ይሻልሃል፣ ራውተሩን አትነካም። ግን አሮጌው ማሽን መጥፋቱን አረጋግጥ። አንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት ማሽን በአንድ ማክ ከተነሱ አንዴ ይህኛው አንዴ ያኛው ነው የሚመልስልህ፣ እንዲህ ያለውን ችግር ለማግኘት ሳምንት ይፈጃል።

እንቅልፍ_አጣሁ፦

ተነሳ!!! አሮጌውን ማክ ሰጠሁት፣ አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ያንን ሁለት ደቂቃ ሳይጠብቅ ገባ፣ አይፒውም የድሮው ነው። ስሙ አሁንም ኢኤንኤስ18 ነው፣ ሴት-ኔሙን አላስገባሁም፣ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ጋሼ፣ ሚሚ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቶሎ ቶሎ አንተም።

አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ «እንዳይበራ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ወጣሁ።

ሚሚ_ሊኑክስ፦

እንኳን ደስ አለህ። ወረቀቱ ግን አይበቃም፣ ሰኞ አንዱ ፕሪንተር ፈልጎ ያበራዋል። ጠዋት ስትገባ ቨርቹዋልቦክሱ ላይ የድሮው ማሽን ሴቲንግ ውስጥ፣ ኔትወርክ የሚለው ሥር፣ ገመድ ተሰክቷል የሚለውን ምልክት አንሳው።