ዛፍ ቆራጭ ለምትፈልጉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) እና አካባቢው (ጥቆማ)

አንዲት እህታችን «ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ጠቁሙኝ፤ ኢንሹራንስ ካለው ላይሰንሱ ምን ያደርግልኛል?» ብላ ጠይቃለች። እኔም ባለፈው ጥቅምት በዚሁ ነገር ስናጥ ከርሜያለሁ። ጓሮዬ ያለው ትልቅ ኦክ ወደ ጎረቤቴ ጣራ አዘንብሎ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ሦስት ሰው አስመጥቼ ዋጋ ጠየቅኩ።

የመጀመሪያው ፒካፕ ይዞ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ነው። 900 ዶላር፣ በካሽ፣ ዛሬውኑ። ኢንሹራንስ ስለው ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ቀኑን ሳየው ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። «እያሳደስኩት ነው» አለ። ሸኘሁት።

ሁለተኛው ሣር የሚያጭድ፣ አበባ የሚተክል ድርጅት ነው። 1,500 አለኝ። ጨዋ ሰው፣ ኢንሹራንሱም ያላለፈበት። ልስማማ ስል ባለቤቴ «ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ ላይ ደውል እንጂ» አለችኝ። ደወልኩ። የኢንሹራንስ ወኪሏ ፖሊሲው የጓሮ ሥራ እንደሆነ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ መቁረጥን እንደማይሸፍን ነገረችኝ። ብዙዎቻችን የምንሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሰውዬው የዛፍ ሙያ ሳይማር ኢንሹራንስ መግዛት ይችላል። ግንዱ ጣራ ላይ ካረፈ በኋላ ግን «ይሄ አይመለከተንም» ሊሉት ይችላሉ።

ሦስተኛው 2,400 ጠየቀ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው «ላይሰንስድ ትሪ ኤክስፐርት» የሚባለው ፈቃድ አለው። ቁጥሩን ተቀብዬ ድረ ገጻቸው ላይ አገኘሁት። ይህን ፈቃድ ለማግኘት በዘርፉ ዲግሪና የአንድ ዓመት ልምድ፣ ወይም ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ሦስት ዓመት መሥራት ያስፈልጋል። ፈተናም አለው። ኢንሹራንስ እንዳለው ካላሳየ ደግሞ ፈቃዱን አያገኝም። ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ መጀመሪያ ላይሰንሱን ጠይቁ። ከዚያ ሠራተኛ ቢወድቅ የሚሸፍነውን፣ ወርከርስ ኮምፕ የሚሉትን፣ ለብቻው ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልቤን ገዛው። የሜፕል ዛፌንም ቅርንጫፍ እንዲያስተካክልልኝ ስጠይቀው፣ ጫማው ላይ የሚያስረውን ሹል ብረት አውልቆ መኪናው ውስጥ ጣለው። «ይሄ ለሚወድቀው ዛፍ ነው፤ የሚቀረውን ልጡን ያቆስለዋል» አለና በገመድ ወጣ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ የዛፍ ባለሙያ ላይሰንስ እዚያ የለም። «አይ ኤስ ኤ» ሰርቲፋይድ አርቦሪስት፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የዛፍ ባለሙያዎች ማኅበር ፈትኖ ያረጋገጠለትን ሰው ፈልጉ፤ ማረጋገጫው የሙያ ምስክር ነው እንጂ ኢንሹራንስ አይደለምና የኢንሹራንስ ወረቀቱን ከወኪሉ በቀጥታ አስልኩ። ዲሲ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የግንዱን ዙሪያ ለኩ። 44 ኢንች ከሞላ የከተማው ፈቃድ ያስፈልጋል። 100 ከሞላ፣ አደገኛ ካልሆነ በቀር በአብዛኛው መቁረጥ ክልክል ነው።

የሰውዬውን ስም በኢንቦክስ እልክልሻለሁ፣ እህቴ። ጉቶውን መፍጨት ዋጋው ውስጥ እንዳለ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። እኔ ረስቼ፣ ጉቶው ይኸው እስካሁን ጓሮዬ ውስጥ የቡና ረከቦት ማስቀመጫ ሆኗል።