መብራት ሲመለስ ማሞቂያው ራሱ እየበራ አስቸገረኝ

ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ለ3000 ዋት የውሃ ማሞቂያ በስልክ የሚታዘዝ ባለ 30 አምፔር ሪሌይ (መብራቱን የሚያገናኝና የሚቆርጥ መሣሪያ) አስገጥሜያለሁ። በ220 ቮልት 14 አምፔር ገደማ ስለሚስብ አቅም አያንሰውም።

አፑ ላይ «መብራት ሲመለስ ጠፍቶ ይቆይ» የሚለውን መርጫለሁ። ግን ብሬከሩን አጥፍቼ ሳበራው ቀጭ ብሎ ይበራል። ባለፈው ውሃ ጠፍቶ ሳለ በርቶ አገኘሁት፤ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሪሴት አድርጌ እንደ አዲስ ሞላሁት፣ ያው ነው።

ከግድግዳው ማብሪያ ወደ ሪሌዩ ኤስ1 እና ኤስ2 (የማብሪያ ገመድ መግቢያዎች) የሚገቡትን ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ስነቅል ግን ጠፍቶ ይቆያል! ማብሪያው ተራው፣ ተጭኖ እዚያው የሚቀረው ነው። ነቅዬ እንዳልተወው እናቴ በስልክ ማብራት አይሆንላቸውም። አፑ ላይ የማብሪያው ዓይነት «ማብሪያውን ተከተል» ላይ ነው፤ ሌሎቹ ምርጫዎች «በተነካ ቁጥር ቀይር» እና «የደወል ቁልፍ» ናቸው።

ማብሪያውን ሳልለውጥ «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለው እንዲሠራ የትኛው ላይ ላድርገው?