«ባይት ዘ ቡሌት»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

እባካችሁ አግዙኝ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ሐረግ (bite the bullet) ላይ ተቸክያለሁ። በምተረጉመው ጽሑፍ ባልና ሚስት «በመጨረሻ ባይት ዘ ቡሌት አድርገን መኪናውን ሸጥነው» ይላሉ። ቃል በቃል «ጥይት ነክሰን» ብዬ ጽፌ ራሴው ሳቅኩ። ጦር ሜዳ አስመሰልኩት!

አመጣጡን አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1796 የወጣ የእንግሊዝኛ የአራዳ ቃላት መዝገብ፣ ሲገረፉ መጮህን እንደ ውርደት ቆጥረው ጥይት ስለሚያኝኩ ወታደሮች ያወራል።

«ጥርሳችንን ነክሰን» በጣም ይቀርባል፤ ንክሻውም አለበት። ግን ለእኔ ጆሮ ችሎ መቆየትን ነው የሚመስለው። እንግሊዝኛው ደግሞ ሲሸሹት የከረሙትን መራራ ነገር ቆርጦ መገላገል ነው። «እያመመን ቆርጠን ሸጥነው» ብልስ? ንክሻው ጠፋ።

ንክሻውንም ቆርጦ መገላገሉንም የሚይዝ አባባል ያላችሁ፣ እዚሁ የመኪናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታችሁ አሳዩኝ። ነገ አስረክባለሁ።